ቅዳሜዬን የወሰደችው ጀልባ

ሰው በብዙ ነገር ይቀናል። በጎረቤቱ በሬ ይቀናል፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለውና በባልንጀራው ሚስት ይቀናል፤ ከእሱ ኋላ መጥቶ ከእሱ ፊት መኖሪያ ፈቃድ ባገኘ ስደተኛም ይቀናል። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። ነገር ግን በበረዶ ወር፣ አፍንጫው ቀልቶ፣ ሐይቅ መሐል ተቀምጦ በሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ የቀና ሰው ካለ አንድ ብቻ ነው። እሱም ይህን የሚያወጋችሁ ነው።

ሽማግሌው ሐንስ ይባላል። የልጄ የጌትነት ሚስት አባት ነው፤ የዙሪክ ሰው ነው፤ ትንሽ ጀልባም አለው። ትንሽ ስላችሁ በእውነት ትንሽ ናት፤ አራት ሰው ከተቀመጠባት አምስተኛው ቆሞ የሚጸልይባት ዓይነት። ከላይ ጎጆ የመሰለች ክፍል አለቻት፤ ውስጧ አግዳሚ ወንበርና አንዲት ምድጃ አለ። በበጋ ሐይቁ እንደ ገበያ ስለሚሞላ ሐንስ አይወደውም። ሌላው ሰው ጀልባውን ከውሃ አውጥቶ፣ ሸራ አልብሶ ሲያስተኛ፣ እሱ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ክረምት ስል የሐምሌ ዝናብ እንዳይመስላችሁ። የዚህ አገር ክረምት እኛ አገር፣ ጅሩ ላይ፣ እህል የምንወቃበት ጊዜ ነው፤ እነሱ ግን የሚወቁት ነገር ስለሌላቸው ውሃ ላይ ይሄዳሉ።

በጀልባዋ አልቀናሁም። ለእኔ የሚንቀሳቀስ ወለል በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድ። ነገሩ ሌላ ነው። ጌትነት ክሎተን፣ የዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሻንጣ ይጭናል፤ የሚያርፈው ቅዳሜና እሑድ ነው። እኔ የምኖረው ጄኔቭ፣ ቶኔ የሚባል ሰፈር፣ ከሴት ልጄ ከየሺ ጋር ነው፤ እናታቸው ካረፈች በኋላ ከጅሩ ያመጣችኝ እሷ ናት። ጌትነት ሳያገባ ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር እየመጣ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። ካገባ ወዲህ ቅዳሜው የሐንስ ሆነ። አንድ ልጅ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሁለት አባት። እናንተው ፍረዱ።

«አባ፣ ቀንተዋል እንዴ?» አለችኝ የሺ አንድ ቀን።

«በምን?»

«በሐንስ ነዋ።»

«በብርድ የሚቀና ማን ነው?»

«ታዲያ ዙሪክ በረዶ ጥሎ እንደሆነ በየሳምንቱ ለምን ይጠይቁኛል?»

ሴት ልጅ አስተምራችሁ ስታሳድጉ መጨረሻው ይኸው ነው፤ የልባችሁን ታነበዋለች።

እኔ አራተኛ ክፍል ሳልደርስ ሞፈር የጨበጥኩ ሰው ነኝ። ወሬ አላውቅም። ባደግኩበት አገር አባት ልጁን የሚያናግረው ሲያዘው ነው፤ በሬ ጥመድ፣ ቀንበር አንሣ፣ ሂድ፣ ና። ልጁ ደህና ከሠራ አንገቴን እነቀንቃለሁ፤ ካጠፋ ዐይኔን አፈጥበታለሁ፤ ሌላ ቃል ምን ያደርጋል? በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ፍቅር ማለት እንደ ዘር ነው፤ አፈር ከለበሰ ይበቅላል፣ ሜዳ ላይ ከተበተነ ወፍ ይለቅመዋል ብዬ አምን ነበር። ጥሩ እምነት ነው። ችግሩ ዘሩ መብቀል አለመብቀሉን የሚነግራችሁ ሰው አለመኖሩ ነው።

ነጮች ከልጆቻቸው ጋር እንደ ጓደኛ ይጫወታሉ ሲባል ሰምቻለሁና፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ጀልባዋን በሐሳቤ እሥላታለሁ። ሐንስ እጁን በልጄ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ቀልድ ይነግረዋል። ጌትነት ይስቃል። እኔን ያቃጠለኝ ሳቁ ነው። ያ ልጅ እኔ ፊት ስቆ አያውቅም፤ በእኛ ቤት አባት ፊት ጥርስ አይታይም። ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ያላየሁትን ጥርስ ሌላ ሰው ጀልባ ላይ ሆኖ ያየዋል።

በመጨረሻ ስልክ ደወልኩ።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኩት።

«ቅዳሜ እኮ ጀልባ ላይ ነኝ፣ አባ።»

«እኔም ጀልባ ላይ ነኛ።»

 «ይበርድዎታል» አለኝ።

«አንተንስ?»

«እኔ ለምጄዋለሁ።»

ይህቺ «ለምጄዋለሁ» ያላት ቃል ከጄኔቭ እስከ ዙሪክ ድረስ በባቡሩ ውስጥ ደረቴ ላይ ተቀምጣ ሄደች። ትኬት እንኳ ሳትቆርጥ።

ዓርብ ቪዲኮን በሚባል የዙሪክ ሰፈር፣ ቤቱ አደርኩ። ጠዋት ሚስቱ ወፍራም ካልሲ አልብሳ ሸኘችኝ፤ እሷ አባቷን ስለምታውቀው ከሙቀቷ አልወጣችም። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሐንስ ቆሞ ጠበቀን። ረጅም፣ ፂሙ ነጭ፣ ፊቱ እንደ ጥር ማሳ የተሰነጣጠቀ ሰው ነው። እጄን ጨበጠኝ፣ ቀይ የመንሳፈፊያ ሰደርያ አለበሰኝና የምቀመጥበትን በጣቱ አሳየኝ። በጣቱ። ዕድሜ ልኬን ሰውን ሳስቀምጥ ኖሬ እንደ እንግዳ ጥጃ አንድ ጥግ ታሰርኩ። ሽርሽሩ ሁለት ቀን ነው፤ ዛሬ ወደ ሐይቁ ጫፍ ሄደን፣ እዚያው ጀልባዋ ውስጥ አድረን፣ እሑድ እንመለሳለን አለኝ ጌትነት።

ጌትነት ገመዱን ፈታ። ቶሎ ፈታው፤ ጠቅልሎም በደንብ አስቀመጠው። ሐንስ ይህን አይቶ አንድ ጊዜ አንገቱን ነቀነቀ።

ያ የእኔ አንገት ነው። እንዲያ የምነቀንቀው እኔ ነኝ፤ ሰውዬው ከየት እንደሰረቀው አላውቅም።

ከዳር ራቅን። ውሃው ግራጫ፣ ሰማዩ ግራጫ፣ ተራራው ነጭ። አሁን ይጀምራሉ ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። ሐንስ ወደፊት ያያል። ጌትነት መሪውን ይዞ ወደፊት ያያል። አንድ መንደር አለፍን፤ ሌላም አለፍን። ቀልድ የለም፣ ሳቅ የለም፣ ትከሻ ላይ የተጣለ እጅ የለም። ሐንስ ሲፈልግ በአገጩ ያመለክታል፤ ልጄ ያደርጋል። የሰውዬው ነገር ይኸው ነው፤ ከማለዳ ጀምሮ ከአፉ የወጣው ከእንፋሎት በቀር ምንም አልነበረም።

ይህን ስትሰሙ ቅናቱ ወጣለት ብላችሁ ይሆናል። የባሰ ጨመረ እንጂ። ልጄ ወሬኛ አባት ፈልጎ ቢሄድ ይገባኛል፤ የሌለኝን ከየት አመጣለታለሁ? ይህ ልጅ ግን ከዝምተኛ አባቱ ሸሽቶ የመጣው ዝምተኛ ሰው ዘንድ ነው። ዝምታ ከሆነ የሚፈልገው እኔ ዘንድ፣ ከእርሻው የታፈሰ፣ የበሰለ ዝምታ ሞልቶ የለም? ያውም ማሞቂያ ባለው ቤት።

እንዲህ እያልኩ በውስጤ ስከራከር አንድ ትልቅ የሰው መጫኛ መርከብ በአጠገባችን አለፈ። ማዕበሉ መጣና ትንሿን ጀልባ እንደ ወንፊት ነፋት። እግሬ ሥር ምድር እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ። በአገሬ ውሃ ከብት ሲወስድ አይቻለሁ፤ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። «አቤቱ ማረኝ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ በኋላ መዝጋት አቃተኝ።

ዝም ስል ውሃው ከሥር ሲላተም ይሰማኛል፤ እንዳይሰማኝ አወራሁ። በቅሎዬን ስለወሰደው ጎርፍ ተናገርኩ። ስለ ቀኝ በሬዬ ጠባይ ተናገርኩ። ጌትነት መጀመሪያ ለሐንስ በጀርመንኛ ያስረዳው ነበር፤ በኋላ ማስረዳቱን ተወውና እሱ ብቻ ይሰማኝ ጀመር። ኪሴ ውስጥ የጾም ቆሎ ነበረኝ፤ ለሐንስ ዘግኜ ሰጠሁት። እንደ መድኃኒት አንድ አንድ ፍሬ እየዋጠ፣ በሁለት ዐይኑ እኔን ያያል። እኔም ቀጠልኩ።

«አንተ የተወለድህ ዕለት እርሻ ላይ ነበርኩ» አልኩት ለልጄ። «እልልታው ሲሰማኝ በሬ ፈትቼ ልሮጥ አልኩና ሰው ምን ይለኛል ብዬ ተውኩት። ዝም ብዬ ማረሴን ቀጠልኩ። ከደስታዬ ብዛት ድንበሩን አላየሁም፤ ቀና ስል የአያ ደምሴን ማሳ አጋምሼዋለሁ።»

ጌትነት ዞረ። «የጎረቤታችንን?»

«የእሱን። በሬ ሞቶበት ስለነበር አዝኖልኝ አረሰልኝ ብሎ እስኪሞት ድረስ ይመርቀኝ ነበር።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«አሜን።»

ልጄ ሳቀ። ጥርሱ በሙሉ ታየ፤ አንዱ ወደ ጎን ዘመም ያለ ነው፣ እንደ እናቱ። ይህን ጥርስ ያወጣ ልጅ ቤቴ ውስጥ ሲያድግ አላየሁትም ነበር። ሐንስ ተነሥቶ መሪውን ከእጁ ተቀበለው፤ ጀልባዋ ወደ ዳር ማዝገም ጀምራ ነበርና። ከዚያም ያን ቀን የመጀመሪያ የሆነውን ዓረፍተ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አልኩ።

«አባትህ ሁልጊዜ እንዲህ ያወራሉ ወይ ነው የሚለው።»

«አንተስ ምን አልኸው?»

«እኔም ዛሬ ገና መስማቴ ነው አልኩት።»

ሐንስ ጥቂት አሰበና መሪውን አዞረ። እሑድ የምንመለሰው ሰዎች ቅዳሜ በጀንበር ወደብ ገባን። አየሩ ይከፋል አለ። አየሩን አየሁት፤ ምንም አልሆነም።

በሳምንቱ ጌትነት ደወለ። ሐንስ «ከእንግዲህ አንዱ ቅዳሜ ለእኔ፣ አንዱ ለአባትህ፣ ዘንድሮም ለከርሞም እንዲሁ ይሁን» ብሎታል። የሺ ይህን ሰምታ የሰውዬውን ደግነት አወራች፤ አባትን ማክበር ማለት እንዲህ ነው አለች። እኔ ግን ገበሬ ነኝ፤ ጎረቤት መንገድ ሲለቅልህ ማሳውን እያዳነ መሆኑን አውቃለሁ። ሐንስ ልጄን የላከልኝ እኔ እንዳልመጣበት ነው። በፍቅርም ይሁን በስልቸታ የመጣ ቅዳሜ፣ ቅዳሜ ነው። አልጠየቅኩም።

ልጁ መጣ። ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። የሺ ሆን ብላ ወጣች።

«ደህና ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሥራስ?»

«ደህና ነው።»

ከዚህ በላይ የሚባል ጠፋ። ወለሉ አልተንቀሳቀሰማ። መጋረጃውን አየን፤ መጋረጃውም አየን። የሺ ተመልሳ ሁለታችንን እንዲሁ እንደተቀመጥን ባገኘችን ጊዜ ካፖርታችንን አስታቅፋ አስወጣችን።

በትራም ወደ ጄኔቭ ሐይቅ ወረድን። እዚያ እንደ አውቶቡስ ከወዲህ ዳር ወደ ወዲያ ዳር ሰው የሚያሻግሩ ትንንሽ ቢጫ ጀልባዎች አሉ፤ በክረምትም አይቆሙም። ገባን። ከእኛ በቀር ጋሪ የያዘች አንዲት እናት ብቻ ነበረች። ጀልባዋ ስትነቃነቅ አግዳሚውን ጨበጥኩ።

«አባ፣ እናቴን መጀመሪያ የት አገኟት?» አለኝ ጌትነት።

«ደብረ ብርሃን ገበያ» አልኩ። «እኔ ጊደር ልገዛ ነበር የሄድኩት።»

ጊደሯን ገና ሳላደርስ ወዲያ ዳር ደረስን። አልወረድንም። እንደገና ተሻገርን፤ አማቴ የሽሮ መልክ ያለው ዶሮ ይዘው ገበያው ውስጥ ስለመቆማቸው ስነግረው ወዲህ ዳር ደረስን። አሁንም አልወረድንም። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ጀልባዋን የሚነዳው ሰው መጥቶ በፈረንሳይኛ የት ነው የምትወርዱት አለን።

የጌትነት ፈረንሳይኛ የዙሪክ ፈረንሳይኛ ነው፤ ተሰባብሮ ነው የሚወጣው። ቢሆንም እንዲህ አለው፦

«አባቴ ገና አልጨረሱም።»

ሰውዬው አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጄን አየና ትከሻውን ነቅንቆ ገመዱን ፈታ።