የጋሽ ዘንበል መስታወት

ግቢ ካለ ጋሽ ዘንበል አለ። የትም ተከራዩ፣ ገና ዕቃችሁን አውርዳችሁ ሳትጨርሱ «አልጋውን እንደዚያ ካደረጋችሁት የጠዋት ፀሐይ አታገኙም» የሚል ሰው በራችሁ ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የተባለው ለእሱ ነው።

የእኛ ግቢው ክቡር ጋሽ ዘንበል ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ቅጽል ስማቸው የወጣው ከአፋቸው ከማይለየው «ትንሽ ዘንበል ይበል» ነው። ከኮት ኪሳቸው የማዕዘን መለኪያ ፕሮትራክተር አይጠፋም፤ መሃሉ ላይ ክር ታስሮ፣ ከክሩ ጫፍ ብሎን ተንጠልጥሏል። ይህንን ዕቃ ያዘመመ ነገር ሁሉ ላይ ይለጥፉታል። «ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታ ሙሉ ትሰጣለች፣ በጎን ስትመታ ትሰስታለች» ይላሉ።

የጥበቃው ሶላር ጣሪያው ላይ ተጋድሞ ሲያዩ እንቅልፍ አጡ። ወጥተው ለኩ፤ ከሥሩ ጡብ አስገቡ።

«ጋሼ፣ ስልኬ እኮ ሞልቷል» አለ ጥበቃው።

«ሞልቷል፤ ግን በስንት ስቃይ!»

አንሶላ የምታሰጣ ሴት ካዩ ገመዱን ያስፈቷታል። ከግቢው ነዋሪ ሁሉ የሚያደንቁት ቆርቆሮ ላይ የምትተኛውን ድመት ብቻ ነው፤ «የገባት እሷ ናት» ይላሉ። እኔ በበኩሌ ከሩቅ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር። ለሰላምታ ቆሜ የጥላ ርዝመት እንዴት እንደሚለካ ስሰማ ሥራ የረፈደብኝ ቀን ብዙ ነው።

ከዚያ ከአጥራችን ማዶ ፎቅ መሠራት ጀመረ። እናቴ ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ ከቤት አትወጣም፤ ዓለሟ መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር ናት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ መጥታ ጉልበቷ ላይ ታርፋለች፣ እሷም እንደ እንግዳ ታጫውታታለች። ፎቁ ከፍ ሲል ፀሐይዋ ቀረች። እናቴ አላማረረችም፤ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይህ አስፈራኝ።

ጋሽ ዘንበልን ማንም አልጠራቸውም። የአሮጌ ቁም ሳጥን መስታወት ተሸክመው መጡ። ከመስኮታችን ትይዩ ያለው የዕቃ ቤት ጣሪያ ግን ፀሐይ አሁንም ትመታው ነበር። የፀሐይዋን ከፍታ በዱላቸው ጥላ ለኩ፣ ከጣሪያው እስከ መስኮቱ ክር ዘረጉ፣ አሰሉ፣ መስታወቱን አዘመሙ።

«ይኸው እትዬ!»

ብርሃኑ የእናቴን መስኮት ዘልሎ፣ ከበላያችን የምትኖረው የሌሊት ተረኛ ነርስ ፊት ላይ አረፈ።

«ጋሼ! አሁን ገና ጋደም ማለቴ ነው እኮ! ምን በደልኩዎት?»

መሰላሉ ላይ እንደቆሙ ፊታቸው ቀላ። ዕድሜ ልካቸውን ያሰሉት ፀሐይ አርፋበት ለምትቀር ነገር ነው፤ መስታወት ግን መልሶ ይልካታል። እሱን አንድ ዲግሪ ብታዞሩት ብርሃኑ ሁለት ዲግሪ ይዞራል። «በግማሽ ነው! ለካ በግማሽ ነው!» ብለው ግንባራቸውን መቱ፤ መስታወቱን ትንሽ ዘንበል አደረጉት። ብርሃኑ ከነርሷ መስኮት ወርዶ በእኛ ገባ። እናቴ ወንበሯን አዙራ «መጣች» አለች። ምን ያሳፍረኛል፣ አለቀስኩ።

ፀሐይዋ መንገዷን ቀስ በቀስ ስለምትቀይር መምህሩ ቅዳሜ ቅዳሜ መስታወቱን ሊያስተካክሉ ይመጡ ጀመር። ከዚያ ሻይ አለ፤ ርቀው ስለሚኖሩት ልጆቻቸው ወሬ አለ። አንድ ቅዳሜ ግን ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «እንግዲህ በዚህ ወቅት ፀሐይዋ መንገዷን ብዙም አትቀይርም። ለጥቂት ሳምንታት እኔ አላስፈልግም» አሉ። ድምፃቸው ቀዝቅዞ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴ ጠራችኝ። «መምህርን ጥራልኝ። ብርሃኑ ሸሽቶኛል።»

አየሁ። ብርሃኑ ጉልበቷ ላይ ቁጭ ብሏል። እሷም አየችኝ። ሄጄ ጠራኋቸው።

መሰላሉን ያዝኩላቸው። ፕሮትራክተሩን መስታወቱ ላይ አስደገፉ፤ ብሎኑ ተወዛውዞ ቆመ። ቁጥሩን ደግመው አዩት። ለጥበቃው ሶላር እንቅልፍ ያጡት ሰውዬ በመስኮቱ በኩል እናቴን ረጅም ጊዜ ተመለከቷት። መስታወቱን በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ንቅንቅ አላለም።

«እውነትዎን ነው እትዬ» አሉ። «ትንሽ ዘንበል ብሎብን ነበር።»

ሲወርዱ እጃቸውን ያዝኳቸው። «ጋሼ፣ ያ የጥላ ርዝመት ግን እንዴት ነበር የሚለካው?» አልኳቸው፤ ሻይ ልጥድ አብረን ገባን።