አሸናፊው ይቆረጣል

የጥራት ምርመራ ተቋሙ ከተመሠረተ ጀምሮ ለሕዝብ የዋለውን ውለታ ዘርዝሮ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ አንዱን ብቻ፣ ያውም ታላቁን እንተርካለን። ይኸውም ሁለት የጎልፍ ዱላዎች ተወዳድረው እውነት በአደባባይ የተገለጠችበት ቀን ነው።

ዱላ ሲባል ማንኛውም ዱላ አይደለም። ኳሷ ሜዳውን ሁሉ አቋርጣ ጉድጓዱ አፍ ስትደርስ በቀስታ ገፋ አድርጎ የሚያስገባት፣ ባለሙያዎቹ ፓተር የሚሉት ነው። ተቋሙ እስከዚያ ድረስ የበር ቁልፍ፣ የውሃ ቧንቧና የወንበር እግር ሲመረምር ነው የኖረው። አዲሱ የቦርድ ሰብሳቢ ጎልፍ ይወዳሉ የሚል ወሬ በተሰማ በሳምንቱ ግን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጁ ጎልፍ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይወዱ እንደነበር ትዝ አላቸው። ትዝታው ያለ ዕቃ ባዶ ነውና አንድ የሚያብረቀርቅ ፓተር ገዙ። ቀጥለውም የኅብረተሰቡ አንገብጋቢ ጥያቄ ፓተር መሆኑን በጥናት አረጋገጡ። ጥናቱን ማን አጠናው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ተቋሙ ጨዋ ሰዎች የሚሠሩበት ነው።

እዚህ ላይ የተቋሙን ኩራት ሳይጠቅሱ ማለፍ ነውር ይሆናል። ሌላ ቦታ የሚጣለው የወደቀ ዕቃ ነው። በዚህ ተቋም ግን ያሸነፈው ዕቃ፣ ለምን እንዳሸነፈ እንዲታወቅ፣ በመጋዝ ለሁለት ይቆረጣል። መመሪያውን ያወጡት ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ናቸው። "ውድቀትማ ግልጽ ነው፣ ምሥጢር ያለው ድል ውስጥ ነው" ይላሉ። በዚህ አሠራር የከተማው ምርጥ ቁልፍ፣ ምርጥ ድስትና ምርጥ ወንበር ለሁለት ተከፍለው በመስታወት ሣጥን ውስጥ በክብር ተቀምጠዋል። ሕዝቡ ሁለተኛ በወጡት ይጠቀማል። ቆራጩ ቴክኒሻን ደግሞ ሥራውን ከመውደዱ የተነሣ ስሙ ተረስቶ ሁሉም "መጋዝ" ነው የሚለው።

የመለኪያ ክፍል ኃላፊዋ በዚህ ሁሉ መሀል ዝም ብላ ሥራዋን የምትሠራ ሴት ናት። ቁጥር አጣማ አታውቅም፤ በዚህም ምክንያት ሹመት ሁልጊዜ በአጠገቧ ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል። ባሏ የሞተው አምና ነው። ሥራ አስኪያጁ ለቅሶ በመጡ ጊዜ፣ አጽናንተዋት ሳይጨርሱ ዓይናቸው ከበሩ ኋላ በቆመ አሮጌ ፓተር ላይ አርፎ ነበር።

"ያቺ የባለቤትሽ ዱላ አለች አይደል?" አሉ፣ ውድድሩ በታወጀ ማግስት ቢሮዋ ድረስ መጥተው።

"አለች።"

"ታስፈልገናለች። የእኔ ፓተር ብቻውን ሮጦ አንደኛ ወጣ እንዳይባል ነው፣ እህቴ።"

"አሮጌ ናት እኮ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ።"

"እኛስ የፈለግነው አሮጌነቷን አይደል!"

እምቢ ለማለት ምክንያት መስጠት ያስፈልጋል፤ ያን ምክንያት ደግሞ ቢሮ ውስጥ አውጥታ ልትናገረው አልፈለገችም። እሺ አለች። በዚያ ላይ ዱላዋ እንደማታሸንፍ እርግጠኛ ነበረች። አንገቷ የጎበጠ፣ መያዣዋ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ ናት። ፕላስተሩ ላይ የባሏ አውራ ጣት ያርፍበት የነበረው ቦታ ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል። ትወድቃለች፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ቤቷ እመልሳታለሁ ብላ አመጣቻት።

ሰብሳቢው ከሰዓት በኋላ ስለሚመጡ፣ ጠዋት በስብሰባው አዳራሽ ምንጣፍ ላይ ልምምድ ተደረገ። የሰው እጅ ያዳላል ተብሎ ስለተፈራ፣ ዱላዎቹን እንዲያወዛውዝ የበር ማጠፊያ የሚፈተንበት የብረት ክንድ ተመደበ። ምንጣፉን መብሳት ስላልተቻለ በጉድጓድ ፈንታ የሻይ ብርጭቆ በጎኑ ተጋደመ።

መጀመሪያ የሥራ አስኪያጁ ፓተር ታሰረ። ኳሷ ብርጭቆውን በሩቁ ተሰናብታ መድረኩ ሥር ገባች። ደገሙት። አሁንም መድረኩ ሥር። ከዚያ አሮጌዋ ታሰረች። ኳሷ እንደ ምራት ቀስ ብላ ሄዳ ብርጭቆው ውስጥ ቅጭል አለች። ደገሙት። ቅጭል።

"እትዬ፣ ይቺ ጉድ ናት!" አለ መጋዝ፣ የመጋዙን ጥርስ በጨርቅ እየወለወለ። "በቃ ከሰዓት ውስጧን እናየዋለን።"

"ውስጧ ምንም የለም።"

"እሱን እኮ ነው የምናጣራው!"

ኃላፊዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሥራ አስኪያጁም ፊታቸው ዓመድ መስሏል። በአዳራሹ ውስጥ አሮጌዋ ዱላ እንድትወድቅ የሚመኙ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን አያውቅም። የውድድሩ ኮሚቴ ለአስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ።

"ብርጭቆው ጠባብ ነው" አለ አንዱ አባል።

"ኳሷስ? የኳሷ ገለልተኝነት ተረጋግጧል?" አለ ሌላው።

"የመለኪያ ክፍል ምን ይላል?" አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ መርዶ እንደሚጠብቅ ሰው አንገታቸውን ደፍተው።

ኃላፊዋ ዱላዋን አየቻት። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"እኔ የምለው፣ ኳስ መግባቷ ብቻ መለኪያ መሆኑ ተገቢ ነው ወይ?"

ሥራ አስኪያጁ ቀና አሉ።

"ቀጥዪ፣ እህቴ፣ ቀጥዪ!"

"ማብረቅረቅስ ነጥብ የለውም? ግርማ ሞገስስ? ደግሞ ቅርብ ገብታ ዝም ከምትል ኳስ ይልቅ ርቃ የምትሄደው… ራእይ ያላት አይመስላችሁም?"

"ራእይ!" ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን መቱት። "በሉ ጻፉ! ራእይ!"

ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ዩኒቨርሲቲ ስለ መለኪያ ያስተማሯት መምህር ይህን ቢሰሙ ዲግሪሽን በፖስታ መልሺ ይሏት ነበር። ግን አፏን አንዴ ከፍታዋለች። ኮሚቴውም ፓተር በራእይ፣ በግርማ ሞገስና በአንጸባራቂነት እንዲመዘን፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ ኳስ ማስገባቱ እንዲታይ በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢው በክብር ገቡ። ሥራ አስኪያጁ ረጅም ንግግር አደረጉ። "ዛሬ የምንፈትነው ፓተርን አይደለም፣ ራሳችንን ነው" ሲሉ በጭብጨባ ተቋረጡ፤ በጭብጨባው ምክንያት የሚቀጥለው ሐሳብ ጠፋቸውና እሱኑ ደገሙት። ከዚያ የእሳቸው ፓተር ተወዛወዘ። ኳሷ መድረኩ ሥር ስትገባ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አሮጌዋ ቅጭል ስታደርግ ሁሉም በሐዘኔታ ከንፈሩን መጠጠ።

"ዓላማዋ ጠባብ ነው፣ ምን ታድርግ" አለ የኮሚቴው አባል።

ሰብሳቢው ግራ ገባቸው። "ያሸነፈችው ያስገባችው አይደለችም እንዴ?"

"ያ ድሮ ቀረ፣ ክቡር ሰብሳቢ" አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ፓተራቸውን ታቅፈው።

"እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለ መመሪያችሁ ግን ሰምቼ በጣም ነው የወደድኩት። በሉ እስቲ ይቆረጥና ምሥጢሩን እንየው!"

የሥራ አስኪያጁ ፈገግታ ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ፤ ሰውየው ግን ከኋላው ሄደዋል።

"ይህ እንኳን… ልዩ ሁኔታ ሊሆን ይችላል።"

"መመሪያው ልዩ ሁኔታ ይፈቅዳል?" ሰብሳቢው ወደ ኃላፊዋ ዞሩ።

የዕለቱን ውሸቷን ጨርሳ ነበር። "አይፈቅድም" አለች።

መጋዝ ይህ ሁሉ ሲባል ቀርቦ ቆሟል። "ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ባይሆን በዚያ በኩል ጠበቅ አድርገው ይያዙልኝ" አለ። ያዙለት። ብረቱ እየጮኸ ለሁለት ሲከፈል ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ቀዳዳ ነው፤ ምንም የለበትም። ኮሚቴው ወዲያው ተሰብስቦ፣ የመሪ ፓተር ብቃት ምንጩ ባዶነቱ መሆኑን አበሠረ። ሁለቱ ጉማጆች መስታወት ሣጥን ገቡ።

ሲመሽ ኃላፊዋ አሮጌዋን ዱላ በጨርቅ እየጠቀለለች ሳለ ሥራ አስኪያጁ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ።

"እህቴ፣ ሰብሳቢው ቅዳሜ አብረን እንጫወት ብለውኛል። እጄ ላይ ደግሞ ምንም የለ። ያቺን የባለቤትሽን ለአንድ ቀን ብቻ…"

"እንዴት አድርጌ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ?" አለች፣ ጨርቁን እያጠበቀች። "ይቺ እኮ ራእይ የላትም ተብላ የወደቀች ናት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ኳሷን አስገብታ ታዋርድዎታለች።"