እትዬ ፌርማታ ከኋለኛው ወንበር

ዘመድ ሁሉ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ቶሎ ድረስ ብሎ የሚያጣድፍህ፣ ወይ በየመንገዱ የሚያስቆምህ። ሦስተኛ ዓይነት ዘመድ እስካሁን አልተገኘም። ከሚያስቆሙት ወገን ደግሞ ዘውዱ የሚገባው ለክብርት እትዬ ፌርማታ ነው።

እትዬ ፌርማታ የአንድ ሰዓት ሠሪ ሚስት አክስት ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ዩኒፎርሙን መለሱ፣ የቆዳ ቦርሳውን መለሱ፣ ትኬት መብሻዋን ግን «ረሳኋት» አሉ። ያቺ የተረሳች መብሻ እስከ ዛሬ ከቀሚሳቸው ኪስ ተለይታ አታውቅም። ሰው ቤት ሲሄዱ ደጃፉ ላይ ቆመው «መጀመሪያ የሚወርዱ ይውረዱ!» ይላሉ። ሆስፒታል በሽተኛ ሊጠይቁ ገብተው አግዳሚ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ካዩ «ጠጋ በል ልጄ፣ ሰው አለ» ይላሉ። ማንም የለም።

ሰዓት ሠሪው ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነው። አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ መነፅር ተክሎ ቀኑን ሙሉ ከደቂቃ ጋር ሲታገል ስለሚውል፣ የባከነች ደቂቃ እንደ ጠፋች ልጅ ታንገበግበዋለች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በየዓመቱ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ የስድስት ሰዓት መንገድ ወደ እናቱ ቤት ይነዳል። አምና ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነስቶ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆም፣ ልክ በስድስት ሰዓት ደረሰ።

ደረሰ ማለት እንግዲህ መኪናዋ ደረሰች። ታላቋ አኩርፋለች፣ መካከለኛው ሸሚዙ ላይ አስመልሷል፣ ትንሿ ሚጡ ድምፅዋ እስኪዘጋ አልቅሳለች። እናቱ በር ላይ እጃቸውን ዘርግተው ሲጠብቁ ሚጡ ፊቷን አዞረችባቸው። አሮጊቷ የተዘረጉ እጆቻቸውን ወዴት እንደሚያደርጓቸው ጠፋቸው።

«ምን አድርጌያቸው ነው ልጄ፣ ባዩኝ ቁጥር የሚያለቅሱት?» አሉት።

ያቺ ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ጆሮው ውስጥ ቀጭ ቀጭ ስትል ከረመች። ዘንድሮ ልጆቹ ሳያለቅሱ እናቱ እቅፍ ውስጥ እንዲገቡ ቆርጦ ተነሳ። ዘዴው አንድ ነበር፤ የበለጠ መፍጠን።

የሚስቱ ዘዴ ሌላ ነበር። «እትዬ አብረውን ይሄዳሉ» አለችው።

«ምን? አውቶቡስ ልንከፍት ነው?»

«እሺ፣ መካከለኛው ሲያስመልሰው አንተ ትይዝልኛለህ?»



በጉዞው ቀን እትዬ ፌርማታ ከሁሉም ቀድመው መኪናዋ አጠገብ ተገኙ። መኪናዋ ሰባት ሰው የምትይዝ አሮጌ ናት። እሳቸው የመጨረሻውን ወንበር ያዙ፤ የቆራጭ ቦታ ከኋላ ነዋ! «ጠጋ ጠጋ በሉ!» አሉ ገና ማንም ሳይገባ። ከዚያ ከጫማ ካርቶን የተቆረጡ ሦስት ትኬቶች ለሦስቱ ልጆች አደሉ። እያንዳንዱ ትኬት ላይ አምስት ሳጥን ተሰምሯል። አራቱ ፌርማታ፣ አምስተኛው የአያት ቤት።

«ከእንግዲህ ‹ደረስን ወይ?› ብሎ ነገር የለም» አሉ። «ትኬታችሁን ታያላችሁ። አምስት ቀዳዳ ሲሞላ ደርሰናል።»

ደንቡ ብዙ ነበር። በየፌርማታው ሁሉም ይወርዳል፣ ይሮጣል፣ ይሸናል። ሲመለሱ መስኮት ዳር የነበረው ወደ መሐል ይገባል። ጠመዝማዛ ላይ ስልክ አይታይም። መካከለኛው ልጅ ደረቅ ዳቦ በትንሽ በትንሹ እየቆረሰ ሩቅ ያለውን ተራራ ያያል። መኪናዋ ደግሞ እትዬ ላሜራውን ሁለቴ ካልመቱ አትነሳም።

የመጀመሪያው ፌርማታ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ መጣ። «እትዬ፣ አሁን እኮ ነው የተነሳነው!» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ልጆች፣ ሹፌር ማነጋገር ክልክል ነው» አሉ እትዬ፣ መልስ ሳይሰጡት።

አሥራ አምስት ደቂቃ። ትኬቶቹ ተበሱ፣ ላሜራው ሁለቴ ተመታ። እትዬ በዚያ የ«ተራ በተራ!» ጉሮሯቸው ግጥም አወረዱ፤ ልጆቹ እየተቀበሉ አዜሙት፦

ጎማችን ጠቀለለው እንደ ክር እንደ ገመድ፣
አንዲት ቀዳዳ አለፍን፣ ቀረ ትንሽ መንገድ።

ሁለተኛው ፌርማታ፣ ሌላ አሥራ አምስት ደቂቃ። ሰዓት ሠሪው እናቱን አሰበ፤ እህል ሳይቀምሱ በር በር የሚያዩትን። ጥርሱን ነከሰ። ሦስተኛው ፌርማታ ነዳጅ ማደያ ነበር። እዚያ ሁሉም ወርዶ ተመለሰ። የኋላው በር ግን ከውስጥ አልገጥም ስላለ እትዬ መብሻዋን ወንበራቸው ላይ አስቀምጠው ወረዱና ከውጭ ገፍተው ዘጉት። በመስኮት ቆጠሩ፤ ሦስት ልጆች፣ እናት፣ ሹፌር።

«አምስት! ሙሉ ነው!» አሉና፣ የሃያ ስምንት ዓመት እጃቸው በልማዱ ላሜራውን ሁለቴ መታ።

ሹፌሩም ነዳ።

ሚስቱ ቦርሳዋ ውስጥ ሶፍት እየፈለገች ነበር። ሚጡ በኋላው መስታወት ወደ ውጭ ታያለች። «እትዬ እያነሱ ነው» አለች።

«አዎ የኔ ቆንጆ» አለ ሰዓት ሠሪው። «ሰው ሲያረጅ እንደዛ ነው።»

«አሁን በጣም ትንሽ ሆኑ።»

«እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው።»

አምስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ የመስኮት ጠብ ተነሳ። ዳኛ አልነበረም። መካከለኛው «ትኬቴን ማን ይበሳልኛል?» አለና ያልተበሳውን ሦስተኛ ሳጥን እያየ ፊቱ ነጣ። ያኔ ሰዓት ሠሪው ስፖኪዮውን ቀና አድርጎ የኋለኛውን ወንበር አየ። መብሻዋ ብቻ ተቀምጣለች።

ወደ ማደያው ሲመለስ የነዳው አነዳድ አይነገርም። ሲደርስ እትዬ ፌርማታ አላለቀሱም፣ አልተቆጡም፤ ማደያው በር ላይ አውቶቡስ የሚጠብቁትን ሰዎች አሰልፈው «ተራ በተራ! አይጋፉ!» ይላሉ። መኪናዋን ሲያዩ «መጀመሪያ የሚወርዱ ይውረዱ!» አሉ። ሰዓት ሠሪው ወረደ።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ቆጠሩ ብዬ እኮ ነው…»

«ቆጠራው ትክክል ነው። አምስት ናችሁ።»

«እርስዎስ?»

«ሠራተኛ ይቆጠራል እንዴ?» አሉ፤ የሚገርም ነገር እንደተጠየቁ።

ያኔ ገባው። ለካ ሰው ሁሉ ዕረፍት ሲሆን ወደ ወዳጅ ዘመዱ ይሄዳል፤ አውቶቡስ ጢም የሚለውም ያኔ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ልጅ ወደ እናቱ ሲያደርሱ፣ እሳቸውን ከነሻንጣቸው ማንም የትም አላደረሳቸውም። ሰዓት ሠሪው በሩን ከፈተላቸውና ጉልበታቸውን ደግፎ አስገባቸው። ስንት ደቂቃ እንደባከነ አላሰላም።

የቀሩት ሳጥኖች በየተራቸው ተበስተው፣ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ደረሱ። አሮጊቷ በር ላይ ናቸው። እጃቸውን ግን ዘንድሮ አልዘረጉም፤ ነጠላቸውን ጨብጠዋል። መጀመሪያ የሚወርዱት ወረዱ። ሚጡ አምስት ቀዳዳ ያለበትን ትኬት እያውለበለበች ሮጣ ጉልበታቸውን አቀፈች፤ ከዚያ ትኬቱን ዓይኗ ላይ አድርጋ በቀዳዳው ቀና ብላ አየቻቸው።

«አያቴ! ሞላ!» አለች።

«ምኑ ነው የሞላው የኔ እናት?» አሉ፤ ግን መልሱን አልሰሙም፣ ሳቅና እንባ ይታገላቸው ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ለመመለስ ተሳፈሩ። ከኋለኛው ወንበር ያ የታወቀ ድምፅ መጣ፤ «አምስት! ሙሉ ነው!»

ሰዓት ሠሪው ሞተሩን አላስነሳም። «ስድስት» አለ።

«አምስት ነው ልጄ። ሠራተኛ…»

«ስድስት ካልሆነ አትነሳም።»

ሚጡ በጣቷ እየጠቆመች አንድ በአንድ ቆጠረች፤ በመጨረሻ ጣቷ የእትዬ አፍንጫ ላይ አረፈች። «ስድስት!»

 ሰዓት ሠሪው የእጅ ሰዓቱን አላየም። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ከኋላ «ስድስት» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ለትኬት ቆራጭ የማይመጥን ቀጭን ድምፅ። ከዚያ ላሜራው ሁለቴ ተመታ፤ ከውስጥ በኩል።