በኦቦ ቶሎሳ ጓሮ የሚያልፈው ባቡር

ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ወንድ ሁሉ መጫወቻ አለው። የለኝም የሚል ካለ ወይ ይዋሻል፣ ወይ መጫወቻውን ሌላ ስም አውጥቶለታል። አንዱ «ስብሰባ» ይለዋል፤ ሌላው «ዕድር» ይለዋል፤ ሦስተኛው «ሥልጣን» ይለውና አገር ያምስበታል። እኔ የእኔን በስሙ ነው የምጠራው… ባቡር። ትንሽዬ ባቡር፤ ሐዲድ ያለው፣ ጣቢያ ያለው፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሄድ። አትሳቁ እንግዲህ፣ ገና ምኑ ተነክቶ!

ነገሩ የሆነው አምቦ ላይ ነው፤ መንደር ምሥረታ የሚባለው ጉዳይ በየገጠሩ ሰውን እያስነሣ በሚያስቀምጥበት ዘመን። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ከባቡር ጣቢያው አጥር ሥር ነው፤ ምሳ ሰዓት መድረሱን የምናውቀው በእናታችን ጥሪ ሳይሆን በባቡሩ ጩኸት ነበር። አምቦ ስመደብ ሁሉም ነገር ተስማማኝ፤ አየሩም፣ ፍልውሃውም፣ ሰዉም። አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ። ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ነቀምቴ እስክትገቡ ድረስ በመንገዱ ላይ የሚያፏጭ ነገር ቢኖር የአውቶቡስ ረዳት ብቻ ነው።

ታዲያ አንድ ምሥራቅ ጀርመናዊ የእርሻ ባለሙያ ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ካርቶን ትቶልኝ ሄደ። ስከፍተው ባቡር! ከነአራት ፉርጎው፣ ከነሐዲዱ። የዚያን ዕለት ባለቤቴ ጽጌ ስድስት ሰው የሚያስቀምጠውን የምግብ ጠረጴዛዋን ለመጨረሻ ጊዜ አየችው።

«እንግዳ ቢመጣ የት ነው የምናበላው?» አለችኝ።

«ግንጪ ላይ ትንሽ ሜዳ አለ» አልኳት፣ የጠረጴዛውን አንድ ጥግ እያሳየሁ።

እሷ አልሳቀችም። እኔም የምሬን ነበር። ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ እየለጠፍኩ ተራራ አቆምኩ። ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ ለምኜ፣ አረንጓዴ ቀለም ነክሬ፣ ተራራውን ሣር አለበስኩት። የተሰበረ መስታወት የወንጪ ሐይቅ ሆነ። የክብሪት ሣጥኖች ቤት ሆኑ፤ የዱቄት ወተት ጣሳ እየቀደድኩ ቆርቆሮ አለበስኳቸው። ልጃችን ማርታ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ጠረጴዛው አጠገብ እንዳትደርስ በጥብቅ አስጠንቅቄያታለሁ። አባት የልጁን መጫወቻ ይቀማል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ እኔ ከዚያ ብሼ ከመጀመሪያውም አልሰጠኋትም።

ጥፋቴ ምን መሰላችሁ? ሌላው ሰው ቢሆን አንድ ተራራ፣ አንድ መንደር፣ አንድ ክብ ሐዲድ ሠርቶ ይቀመጥ ነበር። እኔ ግን የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ! ካርታ ዘረጋሁ። አዲስ ዓለምን፣ ግንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶን በየቦታቸው አስቀምጬ ስማቸውን በትንንሽ ሰሌዳ ጻፍኩ። አምቦንማ ቤት በቤት ነው የሠራሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተር ይዤ፣ ከረባት አስሬ፣ ሠፈሩን በእርምጃ እየለካሁ ጣሪያ ስቆጥር እውላለሁ። ሰው ቆሞ ያየኛል። እኔም ሰላምታ ሰጥቼ መቁጠሬን እቀጥላለሁ። በዚያ ዘመን ደብተር ይዞ ቤት የሚቆጥር ሰው ምን እንደሚመስል አንድ ቀን እንኳ ውል አላለኝም።

ከከተማው ዳር፣ ከሁሉቃ ወንዝ አለፍ ብሎ፣ ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። ስድሳን ያለፉ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ጓሯቸው ውስጥ ትልቅ ዋንዛ አለ፤ በዋንዛው ላይ አሥራ ሁለት የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። ከዋንዛው ሥር ማንም ጮክ ብሎ አያወራም። ንብ ሰላም ካጣች ቤቷን ጥላ ትሄዳለች ይላሉ። ማር ሲቆርጡ ለእኛ ሳይልኩ የቀሩበት ዓመት አልነበረም፤ እኔንም ከልጆቻቸው እኩል «አንተ» ነበር የሚሉኝ።

አንድ ቀን ማሩን ይዘው መጡና ጠረጴዛውን አዩ። እኔ ደግሞ የሚያይልኝ ሰው ሳገኝ አላስችል ይለኛል። ሁሉንም አሳየኋቸው። በመጨረሻም ጣቴን ከአንድ የክብሪት ሣጥን ላይ አሳርፌ፣ ይኸውልዎ ቤትዎ፣ ይቺም ዋንዛዎ፣ አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አዩ። ቤቱ ቤታቸው ነው፤ የዋንዛዋ ጠመም ማለት እንኳ አልቀረም።

«ይሄ ብረትስ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሐዲድ ነው። ባቡሩ በጓሮዎ በኩል ነው የሚያልፈው። በሌላ በኩል እንዳይሄድ ዳገት ነው፤ በደንብ አጥንቼዋለሁ።»

ይህንን ያልኩት በኩራት ነው። ኦቦ ቶሎሳ የቀረበላቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ «ደህና ይሁኑ፣ መምህር» አሉኝ። «ይሁኑ»! አንተ ይሉኝ የነበሩ ሰውዬ እርስዎ ብለውኝ ሄዱ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ፤ እኔ ግን በሥራዬ የተደነቁ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ደጃችን ላይ ቆሙ። ዱላቸውን ይዘዋል፤ በእጃቸው እርጥብ ሣር አለ። በዚያ አገር ሣር ይዞ የመጣ ሰው ዕርቅ ሊለምን ወይም ምሕረት ሊጠይቅ ነው የመጣው። ግቡ ስንላቸው ገቡ፤ ተቀመጡ ስንላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ጽጌ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ ማርታን ሊጠይቁ ከሆነ ገና ጥርሷን እየነቀለች ነው በላቸው አለችኝ።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ኦቦ ዳባ የሚባሉ የኦቦ ቶሎሳ የሩቅ ዘመድ ነበሩ። ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ቶሎሳ በማወቅም ባለማወቅም መምህርን አስቀይሞ ከሆነ ይቅር ይባል ዘንድ፣ ሐዲዱም ከዋንዛው ትንሽ ፈቀቅ እንዲልለት ለመለመን መምጣታቸውን ተናገሩ። ምን ሐዲድ ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሦስቱም ወደ ጠረጴዛው ዞሩ።

ሳቄን ዋጥ አድርጌ፣ አባቶቼ፣ ይህ እኮ መጫወቻ ነው አልኳቸው።

«የማን መጫወቻ?» አሉ ኦቦ ዳባ።

እዚህ ላይ ነው ጉድ የፈላው። ከረባት አስሬያለሁ። የሁለቱ ሽማግሌዎች ልጆች ተማሪዎቼ ናቸው። የእኔ ነው ብል ምን ይሉኛል?

«የልጄ» አልኩ።

ሦስቱም ማርታን አዩ። ማርታ እናቷ «እውነት ተናገሪ» እያለች ያሳደገቻት ልጅ ናት፤ «እኔ እንዳልነካው ተከልክያለሁ» አለች።

ኦቦ ዳባ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገባን፣ መምህር። እንዳይነገር ታዞ ይሆናል፤ አንፈርድብዎትም። ለመንደር ምሥረታው መጥተው ችካል የተከሉትም ሰዎች ዝም ብለን ነው የምንለካው ብለውን ነበር።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው፣ በአርባ ሁለት ዓመቴ ሚስቴን ከጠረጴዛዋ አፈናቅዬ በአሻንጉሊት የምጫወት ሰው መሆን ነው። ሁለተኛው፣ ከላይ የታመነበት፣ የሐዲድን ነገር የሚያዝ፣ ሽማግሌ የሚላክበት ሰው መሆን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁለተኛው ጣመኝ። ሆዴን ትንሽ ነፋ አድርጌ «እስቲ አየዋለሁ» አልኩ። ይህንን ቃል የተማርኩት ከቢሮ ኃላፊዎች ነው፤ ከእኔ አፍ ሲወጣም እንደዚያው ያምራል። ሽማግሌዎቹ ሣሩን አስቀምጠው፣ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» ብለው አመስግነው፣ መርቀውኝ ወጡ።

ቃሌን ጠበቅሁ። ሐዲዱን ነቅዬ ከኦቦ ቶሎሳ ጓሮ አራቅሁት። ግን ዳገቱ አለ፣ ወንዙም አለ፤ መታጠፊያው ከመጠን በላይ ጠበበና ባቡሬ እዚያ በደረሰ ቁጥር እየተገለበጠ አስቸገረኝ። ይሁን አልኩ። ዕርቅ ነው፤ ትንሽ መገልበጥ ይኖረዋል።

ወሬው ግን አልተገለበጠም፤ ቀጥ ብሎ ቀበሌ ገባ። ሊቀ መንበሩ ወጣት ነው፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። በቀበሌው ውስጥ ሐዲድ ሲነቀልና ሲተከል እሱ ሳያውቅ መቅረቱ ሳያብሰለስለው አልቀረም። ሳይነግረኝ ቤቴ ገብቶ ጠረጴዛውን ዞረው። ያኔ የቀበሌ ሊቀ መንበር ሊረዳው የማይችል ነገር ሠርቶ መገኘት ቀልድ አልነበረም። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይህ እንኳን…» ስል እጁን አነሣ።

«ማብራሪያ አያስፈልግም፣ ጓድ መምህር። ጉዳዩን ከላይ ሰምተናል።»

ከላይ? ከእኔ በላይ ጣሪያው ብቻ ነበር። እሱ ግን አላውቅም ከማለት ሌላ ሁሉንም ማለት የሚችል ሰው ነው። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት የት እንዳለ ጠየቀኝ። የክብሪት ሣጥን አልቆብኝ አልሠራሁትም ነበር፤ በእቅድ ላይ ነው አልኩት። ወዲያው መታጠፊያውን አየና ፊቱ ተለወጠ። የሕዝብ ሐዲድ ለአንድ ሰው ዋንዛ ተብሎ አይጣመምም፣ ወደተጠናው መሥመር ይመለስ ብሎ አዘዘኝ። እኔም እሺ አልኩ። አዎ፣ እሺ አልኩ! ምን ልበል?

በሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ ላይ ባቡሩ በተጠናው መሥመር እንደሚያልፍ ለሕዝቡ ተነገረ። ሕዝቡም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ኦቦ ቶሎሳ ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ እጃቸውን ሲያነሡ አላየሁም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ከዋንዛው አቅጣጫ ጭስ አየሁ። ቀረብ ስል ኦቦ ቶሎሳ ቀፎዎቹን እያወረዱ በበቅሎ ይጭናሉ። ሐሮ ወንጪ፣ ሐይቁ አጠገብ፣ ያሉ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሊወስዱ ነው። ንብ በቀን ብርሃን እንደማይጫን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን የሐዲዱን መሥመር የሚጠርገው ግሬደር ዛሬ ይምጣ ነገ ይምጣ የሚነግራቸው ሰው አጡ። አንድ ዓይናቸው በንብ ተነድፎ ተደፍኗል። ሦስቱ ቀፎ ባዶ ነው፤ ንቦቹ ጥለው ሄደዋል። ኦቦ ዳባ ደግሞ መጥረቢያ ይዘው ዋንዛው ሥር ቆመዋል፤ መንግሥት ከሚቆርጠው እኛ ብንቆርጠው ለበር ይሆናል እየተባባሉ ነው።

አፈርኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ይተዉት» አልኩ። «ባቡር የለም።»

«ሊቀ መንበሩ በስብሰባ ነገረን እኮ።»

«እሱ የሰማው ከእኔ ነው።»

«እርስዎስ ከማን ሰሙ?»

«ከማንም። መጫወቻ ነው። የማርታ አይደለም፤ የራሴ ነው። እኔ ነኝ የምጫወትበት።»

በደህናው ዓይናቸው አዩኝ። አላመኑኝም። ከስንት ጊዜ በኋላ እውነት ብናገር፣ እውነቱ ከውሸቴ ሁሉ የባሰ የማይታመን ሆኖ ቁጭ አለ! ሌላ ምርጫ አልነበረኝም፤ ሁለቱንም ሽማግሌዎች እጅ እጃቸውን ይዤ፣ ኦቦ ዳባን ከነመጥረቢያቸው፣ ቤቴ አስገባኋቸው። ከጠረጴዛው ፊት ተንበረከክሁ። የባትሪ ድንጋዩን አገናኘሁና ተጫወትኩ።

እናንተዬ፣ እንዴት ያለ ጨዋታ ተጫወትኩ! በአፌ አፏጨሁ። «ቹፍ ቹፍ» አልኩ። ግንጪ ስደርስ በረዳት ድምፅ «ወራጅ አለ?» ብዬ ጮህኩ፤ በአሮጊት ድምፅ «አዎ ልጄ፣ ቀስ በል» ብዬ ለራሴ መለስኩ። ጉደር ላይ ወተት ጫንኩ። ጌዶ ላይ በሬ አልጫንም ብዬ ከባለ በሬው ጋር ተጣላሁ። ከረባቴ ወንጪ ሐይቅ ላይ ተዘርግቷል። ጽጌ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ማርታ፣ እንዳትነካው የከለከልኳት ልጅ፣ ወለሉ ላይ ተንከባልላ ትስቃለች።

ሦስተኛውን ዙር ስጀምር ኦቦ ዳባ መጥረቢያውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና ወደ ኦቦ ቶሎሳ ዞረው «ዱጋ ዳ» አሉ። እውነቱን ነው ማለታቸው ነው። እንደዚያ በሐዘን የተነገረ እውነት ሰምቼ አላውቅም።

ሊቀ መንበሩስ አትሉኝም? ወሬውን ሲሰማ ይጠራኛል ብዬ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። እሱ ግን በሚቀጥለው ስብሰባ የባቡሩ ሥራ ለሁለተኛው ምዕራፍ መተላለፉን አስታወቀ፤ ሕዝቡም እንደገና አጨበጨበ።

ያን ሰኞ ኦቦ ቶሎሳ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁብኝ። የተደፈነው ዓይናቸው ሳይቀር አለቀሰ። ዘጠኙን ቀፎ መልሰን ለመስቀል ሦስታችን ተነሣን። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ግን ሳቃቸው ቆመ። ወደ ጌዶ የሚወስደውን መንገድ ቆመው አዩት።

«ታዲያ ባቡሩ ጨርሶ አይመጣም?» አሉኝ።

«አይመጣም፣ ኦቦ ቶሎሳ።»

ዓይናቸውን ከመንገዱ አልነቀሉም። እኔ ደስታው የከበዳቸው መስሎኝ ነበር።

«እኔ እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከጓሮዬ ይራቅልኝ አልኩ እንጂ፣ አይምጣ አላልኩም።»