የአየርላንዷ ሴትዮ በአሶሳ

ሰው ጥፋቱን ቢደብቅ አይገርመኝም። የሚያኮራ ሥራውን ሲደብቅ ግን እናንተ «ይሉኝታ ነው» ትሉ ይሆናል። እኔ ከእናንተ የተሻለ አውቃለሁ፤ አንዲት ሴት ግጥሟን እንድትደብቅ ያደረግኩት እኔው ነኝና።

በሰፈራው ዘመን አሶሳ አጠገብ ባለ መንደር መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ ከወሎ በአውሮፕላን የመጡ ሴቶች ናቸው። ፊደሉ ሲሰለቻቸው፣ መጨረሻው ከተገነጠለ አንድ መጽሐፍ የአንዲት ደራሲ ታሪክ አወራላቸዋለሁ፦ ከመቶ ዓመት በፊት አየርላንድ የኖረች፣ ባላባት ገበሬውን ከጎጆው ሲያባርር ያየች፣ ግጥምና ልብ ወለድ ጽፋ «የሴት ማን ያነባል» ብላ በወንድ ስም ያሳተመች። እትዬ ዘሐራ እጇን አወጣች።

«አየር ላንድ አልከኝ? እሷንም በአየር ነው ያመጧት?»

ማንም አልሳቀም።

ጣጣው የመጣው በአረም ወቅት ነው። ሴቶቹ የጋራውን ማሳ እያረሙ ያዜማሉ፦

ቤቴ ማዶ ቀርቶ፣ ቁልፉ ከእኔ ጋራ፣
በሩን ማን ይከፍታል ጎረቤት ቢጣራ።

የመንደሩ ካድሬ ሰማ። «ሰፋሪው እንዲኮበልል የሚቀሰቅስ ነው! ማነው የገጠመው?» ብሎ ጮኸ። የዚህ ጥያቄ መልስ ያኔ እስር ቤት ያስገባል። እትዬ ዘሐራ አንገቷን ደፋች፤ የወሎ ቤቷ ቁልፍ በነጠላዋ ጫፍ እንደተቋጠረ ነው።

ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ «የአየርላንዷ ደራሲ ናት፣ ጓድ! ባላባት ለነቀላቸው ገበሬዎች የገጠመችው» አልኩ።

ካድሬው ፊቱ በራ። በስብሰባ ላይ ራሱ አነበበው፣ አስጨበጨበበት። «ሌላስ አላት?» ሲለኝ «ሞልቷት!» አልኩት፤ አንዴ ገብቼበታለሁ። ከዚያ ወዲያ እትዬ ዘሐራ ትገጥማለች፣ ጭብጨባው ለአየርላንዷ ይሄዳል። «ወላሂ መምህር፣ ይቺን ሴትዮ እስከ መቼ ነው የማገለግላት?» ትለኝ ነበር።

ደርግ ወደቀ። አንድ ሠርግ ላይ ያ የቁልፉ ግጥም ሲዜም እትዬ ዘሐራ ብድግ አለችና «ይሄ የኔ ነው!» አለች።

ሠርገኛው በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ እትዬ ዘሐራ! እሱማ የፈረንጇ ነው!»

ተነስቼ ማልኩላት። «መምህር ይሉኝታ ይዞት ነው» ተባልኩ። ይሉኝታ! መጽሐፉ እኮ የሴትዮዋን ሕይወት ይተርካል እንጂ አንዲት ስንኝ እንኳ የለበትም። ማን ይስማኝ? ራሴ የዋሸሁትን ውሸት ራሴ ማፍረስ አቃተኝ፤ አፈርኩ።

እትዬ ዘሐራ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ያቺስ ሴትዮ፣ በወንድ ስም ያሳተመችው... ኋላ የኔ ነው ስትል አመኗት?»

የመጽሐፉ መጨረሻ እንደተገነጠለ ነግሬያችኋለሁ።

«አመኗት» አልኳት።