ሽማግሌዎቹን አቁሜ ስለ ፀሐይ ጉዞ ያስረዳሁት እኔ ነኝ

እኔ እዚህ ላይ ጽፌ አላውቅም። እዚህ ብቻ አይደለም፣ የትም! ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ የእናንተን ፖስት አንብቤ፣ ላይክ አድርጌ ዝም ነው። ዛሬ ግን ካልጻፍኩት የምፈነዳ መሰለኝ።

ሽማግሌ ፊት ተዋረድኩላችሁ።

ያውም ለእኔው የመጡ ሽማግሌዎች!

ልጁ ግርማ ይባላል። የጫንጮ ልጅ ነው፤ እዚህ ሱሉልታ ውሃ ፋብሪካ ይሠራል። እወደዋለሁ። (አባዬ ፌስቡክ ስለሌለው ነው የደፈርኩት።) ሽማግሌ የሚልክበት ቀን በማስተር ፕላኑ ረብሻ ስንቴ ተላለፈ መሰላችሁ! ዛሬም መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ሦስት አዛውንት ግማሹን በእግራቸው አቋርጠው መጡ።

ወጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ የመጣበትን ጉዳይ ተናግሮ መልስ እስኪያገኝ አይቀመጥም። የልጅቷ ድምፅ ደግሞ አይሰማም።

የእኔ አልተሰማም። የሰውዬው ነው የተሰማው።

የምን ሰውዬ? ኔትወርክ በጠፋ ሰሞን የአክስቴ ልጅ ሚሞሪ ካርዴን በቪዲዮ ሞልታልኝ ነበር። አንዱ ስለ ፀሐይ ነው። ዛሬ ጓዳ ተቀምጬ ልቤ ሲደልቅብኝ፣ ትንሽ ልረጋጋ ብዬ በኢርፎን ከፈትኩት። ከዚያ በመጋረጃው ጥግ ላጮልቅ ጠጋ ስል ኢርፎኑ ተነቀለ። የእኔ ስልክ ኢርፎን ሲነቀል ዝም አይልም፤ ይጮኻል!

"ውዶቼ! አሁን ወደ ጨለማው እየገባን ነው!" አለ ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ ከእኔ ጓዳ።

ሁሉም ወደ መጋረጃው ዞሩ።

"ያ ረቢ! ውስጥ ወንድ አለ እንዴ?" አሉ ዋናው ሽማግሌ፣ ኦቦ ቱሉ።

አባዬ ፊቱ አመድ መሰለ። "ነይ ውጪ!" አለኝ። ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ ወጣሁና ቪዲዮ መሆኑን አሳየኋቸው። ኦቦ ቱሉ ስልኩን ራቅ አድርገው አዩት።

"ምን እያለ ነው ይሄ ሰውዬ?"

"ምንም" ብዬ ብመለስ ምን ነበረበት?

ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት አፍሬ ሰፈሬን የማልፈው እኔ፣ አፌ ተከፈተ! ፀሐይ አንድ ቦታ አትቆምም አልኩ። እኛንም ይዛ በከዋክብት መሃል ትጓዛለች። መንገድ ላይ ወፍራም የአቧራ ደመና ሊገጥማት ይችላል፤ ያኔ በዙሪያችን የዘረጋችልን መከላከያ ይጨመቃል። ሌላ ኮከብ በአጠገባችን ካለፈ ደግሞ ከፕላኔቶቹ ማዶ ዳር ላይ ያሉትን የበረዶ ቋጥኞች ነካክቶ ወደ እኛ ይሰዳቸዋል። ቅርባችን ያለ ኮከብ ቢፈነዳስ? እሱንም በእጄ እያሳየሁ አስረዳሁ!

"ሾፌሩ ማነው?" አሉ ኦቦ ቱሉ።

"ፈጣሪ ነዋ!" አለ አባዬ ቶሎ ብሎ።

"ደመናው ጋ መቼ እንደርሳለን?"

"እኛ አንደርስበትም፣ ብዙ ሺህ ዓመት ይቀረዋል" አልኳቸው።

"ታዲያ ምን አስቸኮለሽ ልጄ? እኛ እኮ ቆመናል!"

እግራቸውን ያየሁት ያኔ ነው። አንደኛው አዛውንት ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ይንቀጠቀጣሉ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። የመጡበትን ጉዳይ እንኳ ገና አልጨረሱም!

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሦስተኛው የግርማ አጎት ናቸው። "ዝምተኛ ናት ብሎን ነበር" አሉ። ለእኔ አይደለም፣ ለግድግዳው።

ቀጠሮ የሚሰጠው የልጅቷ አባት ነው አይደል? ዛሬ "እኛም እንመካከርበት" ብለው የወጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው። እማዬ እስካሁን አላናገረችኝም።

ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ፣ ዝም በሚባልበት ቀን የሚያወራ ሰው ከእኔ ሌላ አይታችኋል?

ማምሻውን ግርማ ደወለ። አጎቱ ሁሉንም ነግረውታል። ስልኩን አነሳሁና እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። እሱ ግን እንዲህ አለኝ፦

"ለእነሱ ይሄን ሁሉ አወራሽላቸው። ለእኔ አንድ ቀን እንኳ እንደዚህ አውርተሽልኝ የማታውቂው ለምንድን ነው?"