የዲያቆኑ ነጭ ማኪና ዕድሜ

እኛ አገር ዕድሜ በቀጥታ ተጠይቆ በቀጥታ ተመልሶ አያውቅም። ሰውን «ስንት ዓመትህ ነው?» ብትሉት «የዚያ የትልቁ ድርቅ ጊዜ ድክ ድክ እል ነበር» ይላችሁና ሒሳቡን ለእናንተ ይተወዋል። በሬ ደግሞ አይናገርም፣ ባለቤቱም አይታመንም፤ ስለዚህ ገዢው አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል። ባለቤቱ አይቀየምም፣ በሬውም ለምዶታል። ጎንደር ላይማ ማርጀት ራሱ ማዕረግ ነው፤ ግንቡን ለማየት ሰው ከባሕር ማዶ ድረስ ይመጣል። ነገር ማኪና ላይ ሲደርስ ግን ይህ ሁሉ ጨዋነት ብን ብሎ ይጠፋል። ገና ሰላምታው ሳያልቅ «የስንት ሞዴል ነው?» ይባላል። እናንተም እንደዚሁ ናችሁ፣ አትሸሹ። እኔም እንደዚሁ ነበርሁ፤ ያውም የሒሳብ መምህር ሆኜ።

ጣጣው የመጣው በአባቴ ዓይን ነው። አባቴ ከዳባት ማዶ ድብ ባሕር በሚባል ገጠር ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ጥምቀትን ጎንደር ከእኛ ጋር ሊያከብሩ መጥተው ሳለ፣ ሊጎርሱ የዘረጉት እጅ ከትሪው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ባለቤቴ ዘውዴ አየችና ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ሐኪሙ «የዓይን ግፊት ነው። ይህ በሽታ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚበላ፤ የበላውን ደግሞ አይመልስም» አለን። በሁለት ሳምንት ተመልሰው ቀዶ ጥገና እንዲደረግላቸው ቀጠረን። አባባ እስከዚያው ተማሪዎቼን ልይ አሉ። እኔ የማስተምረው ክፍል ስለነበረኝ ሚኒባስ ላይ አሳፍሬ፣ ለረዳቱ «አደራህን» ብዬ፣ ጉልበታቸውን ስሜ ወደ ሥራዬ ሄድሁ።

ቀጠሮው ሲደርስ ብደውል «በሚኒባስ አልመጣም» አሉኝ።

«ምነው አባባ?»

«ዘፈኑ አይስማማኝም።»

ዕድሜውን ሙሉ ዜማ ላስተማረ ሰው ይህ በቂ ምክንያት መሰለኝ። ዘውዴ ብዙ አልተመራመረችም። «እንግዲያ ማኪና እንግዛና አምጣቸው» አለች። ለቤት ማደሻ ያስቀመጥናት ነገር ነበረችን፤ ጣሪያው ደግሞ ከአባባ ዓይን የተሻለ ይታገሣል። ቤንዚን ለመቅዳት መሰለፍ ራሱን የቻለ መደበኛ ሥራ ስለሆነ፣ ግማሹን በባትሪ የሚሄደውን ሃይብሪድ የሚሉትን እንድንፈልግ ተስማማን።

ሁለት ተገኘ። አንደኛው የአንድ ደብር ጸሐፊ የሆነው የዲያቆን ሙሉቀን ነጭ ማኪና ነው። ፒያሳ ካንድ ካፌ መስታወት ላይ በቁም ጽሕፈት፣ ነቁጡ ሳይቀር ተስተካክሎ፣ «የ2010 ሞዴል» የሚል ወረቀት ለጥፎበታል። ሁለተኛው የእህል ነጋዴው የአያ በላይ ብርማ ማኪና ሲሆን ሞዴሉ 2015 ነው። እዚህ ድረስ ሕፃንም ይመርጣል። ችግሩ ዲያቆኑ ለአሮጌው የጠየቀው ዋጋ አያ በላይ ለአዲሱ ከጠየቁት መብለጡ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆኖ!

ፒያሳ ላይ ምክር በነፃ ነው፣ ከማኪያቶው ጋር ይቀርባል። አንዱ «ብርማውን ውሰድ፣ አዲስ አዲስ ነው» አለኝ። ሌላው «አዲስ ከሆነ ምነው አረከሱት? ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» አለ። ሦስተኛው ሃይብሪድ ዳገት ሲያይ እንደሚያኮርፍ ከአጎቱ ልጅ መስማቱን ነገረኝ። የአጎቱ ልጅ ማኪና እንደሌለው የሰማሁት በኋላ ነው። መካኒኩ ብቻ ቁም ነገር ተናገረ፤ ባትሪው ከኋላ ወንበር ጎን ባለች ቀዳዳ እንደሚተነፍስ አሳየኝና «ገጠር ዘመድ አለህ?» አለኝ። አለኝ አልሁት። «እንግዲያ የትኛውንም አትግዛ። ጤፍ ይጭኑብህና ያፍኑታል» አለ።

እኔም አሰብሁ። ቀን አሰብሁ፣ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹን ልምምድ አሠርቼ አሰብሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? አልቸኮልሁም። በየሳምንቱ ለአባባ እየደወልሁ «ልጨርስ ነው» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ግድ የለም» ይሉኛል። ግድ የለም ሲሉ ግድ የለም ማለታቸው መሰለኝ። ዐቢይ ጾም ገባ። ሐኪም ቤቱ ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ አዛወረልን።

በመጨረሻ ዲያቆኑን ፊት ለፊት ልናገረው ሄድሁ።

«ዲያቆን፣ አምስት ዓመት ላረጀ ማኪና ከአዲሱ በላይ ትጠይቃለህ?»

«መምህር፣ ዕድሜውን ልብ ብለው አይተው ይፍረዱ እንጂ» አለኝ በትሕትና።

«ዕድሜውንማ አይቼ ነው የምለው!»

«እግዚአብሔር ያሳይዎ» አለኝ። ሊብሬውን ሊያመጣልኝ ወደ ቢሮው ገባ። እኔ ግን በዋጋ ካልተስማማሁ ሊብሬ ማየት ምን ያደርግልኛል ብዬ፣ ቁጣዬ ሳይበርድ ወጣሁ።

ዘውዴ ታገሠች ታገሠችና ባንድ ምሳ ሰዓት ፈነዳች። «አንተ ሰውዬ፣ እኔን ስታገባ እንኳ ይህን ያህል አላሰብህም! አባባን ጠይቅና እሳቸው ያሉትን ግዛ።» ደወልሁ። አባባ «ትልቅ ነገር በስልክ አይመከርም፣ ና» አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት ድብ ባሕር ሄድሁ። በምን? በሚኒባስ ነዋ።

ስደርስ አባባ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ያስተምራሉ። ሄጄ ፊታቸው ቆምሁ፣ ፊታቸውን ቀና አድርገው አዩኝ፤ ያዩኝ መሰለኝ።

«ምን ቆመሃል? ተቀመጥና የትናንቱን በል እስኪ» አሉኝ።

ተማሪ መስያቸው ነው። «እኔ ነኝ አባባ» አልሁ። «ውይ፣ ልጄ! ፀሐዩ ነው እኮ» አሉ። ፀሐይ አልነበረም። ጥላ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ «ልጨርስ ነው» ስላቸው የከረምሁት ለዚህ ሰው መሆኑን ሳስብ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ምን ልበል? የመጣሁበትን ነገር አነሣሁ። ነጩ ሁለት ሺህ ዐሥር ነው፣ ብርማው ሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት ነው፣ አሮጌው ይወደዳል፣ አዲሱ ይረክሳል አልኋቸው። አባባ ባሕረ ሐሳብ በቃላቸው የሚያወርዱ ሰው ናቸው፤ ዓመት ሲሰሙ ጣታቸው ራሱ መቁጠር ይጀምራል።

«ዘመኑ በማን ነው?» አሉኝ።

«እንዴት በማን?»

«በእኛ ነው በፈረንጅ?»

የሒሳብ መምህሩ ጣቱን መቁጠር ጀመረ።

«ነጋዴውስ ፋብሪካው ያለውን ነው የነገረህ። ዲያቆኑ ግን የደብር ጸሐፊ ነው አላልህም? ክርስትናውን፣ ሠርጉን፣ ፍትሐቱን ሁሉ በእኛ ዘመን ሲጽፍ የሚውል ሰው የራሱን ማኪና በማን ይጻፈው? የሱ ሁለት ሺህ ዐሥር በፈረንጅ ዐሥራ ሰባት፣ ዐሥራ ስምንት ነው። አዲሱ ነጩ ነው ልጄ። ተሜ፣ ውሃ ስጡት እስኪ።»

ውሃውን ሳልጠጣ ለዲያቆኑ ደወልሁ። ካፌው መስታወት ላይ የለጠፈውን በየትኛው ዘመን እንደጻፈው ጠየቅሁት። «ሌላ ዘመን አለ እንዴ መምህር?» አለኝ፣ ከልቡ ነው። ከዚያ ዋጋውን እቀበላለሁ አልሁት። «ይቅርታ፣ ትናንት ሸጥሁት። ገዢው ሰው ሊብሬውን አየና አልተከራከረም» አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ አንገቴን ደፋሁ። አባባ ደብተራቸውን አጥፈው ለትልቁ ተማሪ ሰጡና መቋሚያቸውን ዳብሰው ተነሡ።

«ነገ በምንድን ነው የምትመለስ?»

«በሚኒባስ ነው።»

«እንግዲያ ሁለት ቦታ ያዝ።»

«በሚኒባስ አልመጣም ብለውኝ አልነበር? ዘፈኑስ?»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ተማሪዎቹ እንዳይሰሙ ቀስ አድርገው ነገሩኝ። «ያን ጊዜ ስመለስ ዳባት ላይ ለሻይ ወረድን። ሰው ሁሉ ሲገባ የመጣንበት ማኪና የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። ረዳቱ ጮሆ ሲፈልገኝ እኔ የአንድ የጭነት ማኪና በር ስዳብስ ነበር። ሰው ሳቀ። ብቻዬን ከዚያ በኋላ አልወጣም ብዬ ማልሁ። ላንተ ይህን እንዴት ልንገርህ?»

በማግሥቱ ሄድን። ሾፌሩ ዘፈኑን እስከ ጥግ ከፍቶታል። እኔ ልነግረው ስነሣ አባባ እጅጌዬን ይዘው አስቀመጡኝ። ጥቂት አዳመጡና «ድምፁ ሸጋ ነው፣ ዜማው ነው ወዲያና ወዲህ የሚል» አሉ። ዳባት ላይ ወርደን ሻይ ጠጣን። እጄን አልለቀቁም።

ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ በመሣሪያው ለረጅም ጊዜ አያቸው። ግራው ቶሎ ከተሠራ ይተርፋል አለ። ቀኙን ደግሞ ደጋግሞ አየና መብራቱን አጠፋ። «ይህ የዛሬ ሁለት ወር መሠራት ነበረበት» አለና ወደኔ ዞረ። «ምነው እስካሁን ቆያችሁ?»

አፌን ከፈትሁ። አባባ ቀደሙኝ።

«ማኪና አጥተን ነው ልጄ» አሉት።

ሐኪሙ የዚያን መንገድ ችግር ያውቃልና አዝኖ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ።